ጥንድ ውሾችን ከመጠለያ ስለ መረከብ

በአገራችን ገጠር ውሻ የሚታወቀው በደጅ ጠባቂነቱ ነው። ሌሊት በረቱን ከጅብ፣ ቀን ማሳውን ከዝንጀሮ ይጠብቃል። የሚያድረው ከደጅ ወይም ከአጥር ሥር ሲሆን የሚመገበውም ከቤተ ሰቡ ማዕድ የተረፈውን ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ይህንኑ ያልተጻፈ ውል የሚገልጽ ይመስላል፤ ውሻው ይበላል፣ በምላሹም ይጮኻል። እንደ ለንደን ባሉ ታላላቅ ከተሞች ግን ሰውና ውሻ አብረው የሚኖሩበት ውል ከዚህ የተለየ ነው። በዚያ በብዙ ቤት የሚገኘው ውሻ ትንሽ ነው፤ ክብደቱ ሦስት፣ አራት፣ ቢበዛ አምስት ወይም ስድስት ኪሎ ቢሆን ነው። የሚያድረው ከቤት ውስጥ ነው። ጅብ መልስ፣ ሌባ ያዝ ብሎ የሚያዘው የለም፤ ከእርሱ የሚጠበቀው ጓደኝነት ብቻ ነው። ሥራው ጓደኝነት የሆነ ውሻ ደግሞ ጌታው በሞተ ወይም ቤቱን በለቀቀ ጊዜ፣ እንደ ደጅ ጠባቂው ለጎረቤት አጥር አድሮ ኑሮውን ለመቀጠል አይችልም። እንዲህ ያሉት ትንንሽ ውሾች፣ በተለይም ሁለት ሆነው አብረው የኖሩት፣ ከመጠለያ ወደ አዲስ ቤት እንዴት እንደሚሸጋገሩና ሁለቱን በአንድነት የሚረከብ ሰው ምን ዓይነት ኃላፊነት እንደሚቀበል ከዚህ ቀጥሎ ተብራርቷል።

በእንግሊዝ አገር ከታወቁት የውሻ መጠለያዎች ዋናው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1860 ዓ.ም. ነው። ሜሪ ቲልቢ የተባሉ ሴት በሰሜን ለንደን፣ ሆሎዌይ በሚባለው ሠፈር፣ የጠፉና የተራቡ ውሾች ለጊዜው የሚቆዩበትን ቤት ከአንድ አሮጌ የፈረስ ጋጣ ውስጥ ከፈቱ። በዚያን ዘመን የለንደን ጎዳናዎች በተራቡ ሕፃናት የተሞሉ ስለ ነበሩ ለውሻ ቤት መክፈት ብዙዎችን አስገረመ፤ ጋዜጦችም አፌዙባቸው። የፌዘኞቹ ጥያቄ ፈጽሞ ከንቱ ነበር ለማለት አይቻልም። ነገር ግን ርኅራኄ ለአንዱ ሲሰፈር ለሌላው የሚጎድል የጎተራ እህል አለመሆኑን የዘነጉ ይመስላል። መሥራቿ እ.ኤ.አ. በ1865 ዓ.ም. ሲያርፉ ቤቱ አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. በ1871 ዓ.ም. ከቴምዝ ወንዝ በስተ ደቡብ ወዳለው ወደ ባተርሲ ሠፈር ተዛወረ፤ ከ1883 ጀምሮም ድመቶችን ጨምሮ መቀበል ያዘ። ዛሬም የሚጠራው በዚያው ሠፈር ስም ነው።

ወደ እንዲህ ያለ መጠለያ የሚመጡት ውሾች ሁሉ በመንገድ ላይ ተገኝተው የተያዙ አይደሉም። ብዙዎቹ በባለቤቶቻቸው እጅ የሚመጡ ናቸው። ባለቤቱ ሥራ ያጣል፤ ወይም ውሻ ወደማይፈቀድበት የኪራይ ቤት ይዛወራል፤ ወይም ትዳር ይፈርሳል። ጥንድ ሆነው የሚመጡት ትንንሽ ውሾች ታሪክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከእርጅና ጋር የተያያዘ ነው። አንዲት አረጋዊት ብቻቸውን ሲኖሩ አንድ ቺዋዋ ወይም አንድ ዮርክሻየር ቴሪየር ያሳድጋሉ፤ ለእርሱም ጓደኛ ይሆነው ብለው ሌላ ይጨምራሉ። ዓመታት ያልፋሉ፤ ከዚያም እኒያ አረጋዊት ይሞታሉ፣ ወይም አቅመ ደካሞች ወደሚጦሩበት ቤት ይገባሉ። ልጆቻቸው ዕቃውን ሲከፋፈሉ ውሾቹን የሚወስድ ይጠፋል። በዚህ ዓይነት ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት የሞላቸው፣ ከዚያች ሳሎንና ከዚያች ወንበር በቀር ሌላ ዓለም የማያውቁ ሁለት ውሾች በአንድ ቀን ቤታቸውን፣ እመቤታቸውንና ልማዳቸውን ሁሉ አጥተው ከማያውቁት ውሻ ጩኸት መካከል ይገኛሉ። በዚያን ጊዜ ከቀድሞ ኑሯቸው የቀረላቸው አንዱ ለሌላው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቃላት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። እንግሊዞች ልጅን በማደጎ ለመውሰድ የሚጠቀሙበትን ቃል ውሻን ከመጠለያ ለመውሰድም ይጠቀሙበታል። እኛ ዘንድ «ማደጎ» ከ«አደገ» የወጣ፣ ለሰው ልጅ የሚነገር ቃል ነው፤ ከኦሮምኛ የተወሰደው «ጉዲፈቻ»ም እንዲሁ። ስለ ውሻ ሲሆን «ተረከበ» ማለቱ የተሻለ ነው፤ መረከብ ነገሩን ከነዕዳው መቀበልን ያመለክታልና። አብረው የኖሩት ሁለት ውሾች ደግሞ «የተቆራኙ» ቢባሉ ቃሉ ልክ ይገጥማቸዋል። በቀድሞው የአገራችን የፍርድ ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ጉዳያቸው እስኪታይ ድረስ የልብሳቸው ጫፍ ተቋጥሮ፣ ወይም አበዳሪና ተበዳሪ በአንድ ሰንሰለት ታስረው አብረው ይሄዱ ነበር። አንደኛው የሌላኛው ቁራኛ ይባል ነበር። ቃሉ እንግዲህ በፍቅር መጣበቅንም፣ በግድ መታሰርንም ይሸከማል። ይህ ሁለት መልክ ያለው ትርጉም ስለ ጥንድ ውሾች ሲነገር ሊዘነጋ አይገባም፤ ምክንያቱም ከመጠለያው ሠራተኛ ፊት የሚቀርበው ዋናው ጥያቄ እነዚህ ሁለቱ በየትኛው መልክ ተቆራኝተዋል የሚለው ነው።

ሰዎች የሁለት ውሾችን ወዳጅነት ሲያዩ ልባቸው ቶሎ ይነካል። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በመር እና ላዛረስ የሚባሉ ሁለት ባለቤት አልባ ውሾች ነበሩ። የመጀመሪያው ስም በዚያን ጊዜ አነጋገር ለምኖ አዳሪ እንደ ማለት ነው፤ ሁለተኛው እኛ አልዓዛር የምንለው ነው። በ1861 ላዛረስ ከእርሱ ከሚበልጥ ውሻ ጋር ተጣልቶ ሊሞት ሲል በመር ደረሰለት፤ የለመነውን ፍርፋሪ እያመጣ አበላው፣ ሌሊትም አጠገቡ ተኝቶ አሞቀው ተብሎ በጊዜው ተጽፏል። ከሞት አፋፍ ተመልሶ በመዳኑም አልዓዛር ተባለ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አብረው አይጥ እያደኑ፣ ከየምግብ ቤቱ ደጃፍ እየለመኑ ኖሩ፤ ጋዜጦችም ውሎአቸውን እንደ ታላላቅ ሰዎች ውሎ ይዘግቡ ጀመር። በ1862 ላዛረስ በውሻ ያዢዎች እጅ በወደቀ ጊዜ ሕዝቡ ጮኸ፤ ውሻው ተለቀቀ፣ ሁለቱም ባለቤት አልባ ውሾች እንዲያዙ ከሚያዘው ደንብ ነፃ እንዲሆኑ ተደረገ። ላዛረስ በ1863፣ በመር ደግሞ በ1865 ሞቱ፤ ስለ በመር ሞት ከጻፉት ሰዎች አንዱ ደራሲው ማርክ ትዌይን ነበር። ነገር ግን እነዚያው ጋዜጦች የዘገቡት ሌላም ነገር አለ። በመር እግሩን በጥይት ተመትቶ በተኛ ጊዜ ላዛረስ ትቶት ከሌላ ውሻ ጋር መዞር ጀመረ፤ ወደ ቀድሞ ጓደኛው የተመለሰው በመር ድኖ ሲነሣ ነው። ታሪኩን የሚያስውቡ ሰዎች ይህን ክፍል መዝለል ይወዳሉ፤ ይሁን እንጂ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን ይኸው ክፍል ነው።

በሳይንስ በኩል የተደረገውም ጥናት ከስሜታችን ጋር ሁልጊዜ አይስማማም። ዴቪድ ተበርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት ስምንት ውሾችን ተመለከቱ። ውሾቹ ከስምንት ሳምንት ዕድሜያቸው ጀምሮ ጥንድ ጥንድ ሆነው በአንድ ጋጣ ያደጉ ሲሆኑ፣ በጥናቱ ጊዜ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ነበር። አንደኛውን ከጓደኛው ለይተው ለአራት ሰዓት ያህል በለመደው ጋጣ ውስጥ ብቻውን ሲተዉት፣ በጭንቀት ጊዜ በደም ውስጥ ከፍ የሚለው ሆርሞን አልጨመረም። ወደማያውቀው ስፍራ ብቻውን ሲወሰድ ግን ሆርሞኑ ከግማሽ በላይ ጨመረ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ቀጥሎ የታየው ነው፤ በዚያ ባዕድ ስፍራ የውሻ ጓደኛው አብሮት መሆኑ ጭንቀቱን አልቀነሰለትም፤ የቀነሰለት ይንከባከበው የነበረው ሰው አጠገቡ መገኘቱ ነው። በእርግጥ ስምንት ውሾች ጥቂት ናቸው፤ በጋጣ ያደጉትም በሰው ሳሎን ካደጉት ይለያሉ። ቢሆንም ሁለት ውሾች ረጅም ዘመን አብረው መኖራቸው ብቻውን እርስ በርሳቸው ካልተያዩ መኖር የማይችሉ ያደርጋቸዋል ብሎ መደምደም እንደማይቻል ጥናቱ ያሳያል።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ሌላ ጥናት በሃንጋሪ ተደርጓል። ማርታ ጋቺና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2001 ዓ.ም. ባወጡት በዚህ ጥናት፣ በመጠለያ ከሚኖሩ ትልልቅ ውሾች ጋር አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ብቻ፣ በየጊዜውም ለ10 ደቂቃ ያህል እንዲቆይ ተደረገ። ውሾቹ በዚያ አጭር ጊዜ ውስጥ ከሰውየው ጋር የመጣበቅ ምልክት ማሳየት ጀመሩ፤ ሲወጣ በሩን ይጠብቃሉ፣ ሲመለስ ከማያውቁት ሰው ይልቅ ወደ እርሱ ይሄዳሉ። ያረጀ ውሻ አዲስ ሰው አይለምድም የሚለው አስተሳሰብ በዚህ መሠረቱ ይናጋል።

እንግዲህ የመጠለያው ሠራተኛ በምን ያውቃል? መልሱ በመመልከት የሚል ነው፤ ይህም ቀናትን የሚወስድ ሥራ ነው። በመጀመሪያ የሚታየው አተኛኘታቸው ነው። ሁለት አልጋ ተነጥፎላቸው በአንዱ ተደራርበው የሚተኙ አሉ፤ ከጋጣው ሁለት ማዕዘን ተራርቀው የሚተኙም አሉ። ቀጥሎ አንደኛው ወደ ሐኪም ሲወሰድ ሌላኛው ምን እንደሚያደርግ ይታያል። ለጥቂት ጊዜ አልቅሶ ወደ ምግቡ ወይም ወደ ጨዋታው የሚመለሰው ጓደኛውን የሚወድ፣ ነገር ግን ብቻውንም መቆም የሚችል ውሻ ነው። ምግብ አልቀምስ ብሎ፣ ከበሩ ሥር ተጋድሞ፣ እየተንቀጠቀጠና ምራቁን እያዝረበረበ የሚጠብቅ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከዓይነ ስውር ወይም ከደንቆሮ ውሻ ጋር የኖረ ጓደኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ መሪ ሆኖ ይገኛል፤ ዓይነ ስውሩ የጓደኛውን ኮቴ ድምፅ እየተከተለ ይሄዳል፤ እነዚህን መለየት መሪን ከተመሪ እንደ መለየት ይቆጠራል።

በሌላው በኩል በስም ጥንድ፣ በግብር ግን ጌታና ባሪያ የሆኑ አሉ። አንደኛው ሁልጊዜ ከምግብ ሳህኑ በፊት ይቆማል፤ ሰው ሲመጣ ሌላውን በትከሻው ገፍቶ ያስቀረዋል፤ ደካማው ጅራቱን አጥፎ ከግድግዳ ሥር ይቀራል። ጎብኚው ሁለቱን ከአንድ ማዕዘን ተጠጋግተው ሲያይ «እንዴት ይዋደዳሉ!» ይላል። ሠራተኛው ግን ደካማው መውጫ አጥቶ እንደ ተጠጋ ያውቃል። እነዚህ በጥንቱ አነጋገር ቁራኞች ናቸው፤ ሲለያዩም ደካማው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሌላ ውሻ ሆኖ ይገኛል፤ ይጫወታል፣ ይጮኻል፣ ራሱን ቀና አድርጎ ይሄዳል። ከዚህ የተነሣ ጥሩ መጠለያ «እነዚህ ሁለቱ አይለያዩም» የሚለውን ማስታወቂያ ከመለጠፉ በፊት ቆም ብሎ ያስባል። ማስታወቂያው ከባድ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ውሻ የሚፈልግ ሰው ብዙ፣ ሁለት የሚፈልግ ሰው ግን ጥቂት ስለሆነ ጥንዶቹ በመጠለያ ረዘም ላለ ጊዜ ሊቆዩ ይችላሉ። ያለ በቂ ምክንያት አይለያዩም መባላቸው ቤት የማግኘት ዕድላቸውን ያጠብባል፤ ያለ በቂ ምክንያት መለያየታቸውም የቀረላቸውን አንድ ነገር ይነጥቃቸዋል። እዚህ ላይ ሁሉንም የሚያስማማ ደንብ ማውጣት አይቻልም፤ እያንዳንዱን ጥንድ ለብቻው መመርመር የግድ ነው።

ሁለቱ በአንድነት እንዲወጡ ከተወሰነ ተረካቢው ይጠየቃል። ቤቱ የራሱ ነው ወይስ የኪራይ? አጥሩ ትንሽ ውሻ የሚያሾልክ ቀዳዳ አለው? በቤቱ ሕፃናት አሉ? በቀን ውስጥ ስንት ሰዓት ቤቱ ባዶ ይሆናል? ይህን ሁሉ ጥያቄ እንደ ድፍረት የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ። ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ ቤቱን ያጣ እንስሳ ሁለተኛ እንዳይመለስ ከሚደረገው ጥንቃቄ ይህ ትንሹ ነው። ውሾቹ ከመውጣታቸው በፊት በሐኪም ይመረመራሉ፣ ይከተባሉ፣ እንዳይራቡም ይመክናሉ። በቆዳቸው ሥር የሩዝ ፍሬ የምታክል ማይክሮቺፕ ትቀበራለች፤ ይህችም በእንግሊዝ አገር ከሚያዝያ 2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስምንት ሳምንት ለሞላው ውሻ ሁሉ በሕግ የታዘዘች ናት። ብዙ ሰው ቺፗ ውሻው ያለበትን ስፍራ የምትናገር ይመስለዋል። በውስጧ ያለው ግን ቁጥር ብቻ ነው፤ ባለቤቱ አድራሻውን ሲለውጥ በመዝገብ ካላስለወጠ ቁጥሩ የትም አያደርስም።

ወጪው የሚታሰበው በሁለት ተባዝቶ ነው። ለሁለት ውሾች የሚጠየቀውን የመረከቢያ ክፍያ የሚቀንሱ መጠለያዎች አሉ፤ የእንስሳት ሐኪም ግን አይቀንስም። ትንንሽ ውሾች ጥርሳቸው በጠባብ መንጋጋ ውስጥ የተፋፈገ ስለሆነ ድዳቸው ቶሎ ይታመማል፤ የጉልበታቸው ሎሚም በቀላሉ ከስፍራው ይወልቃል፤ ገላቸው ትንሽ ስለሆነም ብርድ ይጎዳቸዋል። ለትልቅ ውሻ ብዙም የማይጎዳው ጥቂት ቸኮላት ሦስት ኪሎ የሚመዝነውን ሊገድለው ይችላል፤ ወይንና ዘቢብ፣ ሽንኩርትም እንዲሁ አደገኞች ናቸው። በአንጻሩ ትንንሽ ውሾች ከትልልቆቹ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አላቸው፤ ከ12 ዓመት በላይ፣ አንዳንዴም እስከ 15 እና ከዚያም በላይ ይኖራሉ። የሦስት ዓመት ጥንድ የሚረከብ ቤተ ሰብ፣ የመጀመሪያ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጁ ዩኒቨርሲቲ እስኪገባ ድረስ ሊዘልቅ የሚችል ነገር መረከቡ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጸጥታ የሚያስፈልጋቸው ናቸው። ዘመድ ወዳጅ ጠርቶ «ኑ እዩልኝ» ማለት ለተረካቢው ደስታ፣ ለውሾቹ ግን ሌላ መጠለያ ነው። ሁለቱ ከአንድ ክፍል ውስጥ የሚተኙበት፣ የሚሸሸጉበትም ጥግ ሊኖራቸው ይገባል። ምግባቸው ግን በሁለት ሳህን፣ ራቅ ራቅ ተደርጎ ይቀርባል፤ በመጠለያ ያልተጣሉ ውሾች በአዲስ ቤት በምግብ ሊጣሉ ይችላሉና። ከዚያም በኋላ ብዙ ሰዎች የሚዘነጉት ሥራ ይከተላል። ሁለቱ እርስ በርሳቸው የሚበቃቀሉ መስለው ስለሚታዩ ተረካቢው ሰው ከዳር ሆኖ መመልከቱን ይመርጣል፤ ውሎ አድሮም ውሾቹ ለእርሱ ጥሪ ጆሮ የማይሰጡ ሆነው ያገኛቸዋል። ስለዚህ እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ማዞር፣ ለየብቻ ማሠልጠን፣ በየቀኑም ለጥቂት ደቂቃ አንደኛውን በሌላ ክፍል አድርጎ ከሌላው ጋር መቀመጥ ያስፈልጋል። በዚህ መለያየት የሚለምዱት ነገር ቢኖር የሄደ ተመልሶ እንደሚመጣ ነው። ተበርና ባልደረቦቹ እንዳዩት ባዕድ ስፍራ የገባ ውሻ ጭንቀቱ የሚቀልለት በሚያውቀው ሰው ነው፤ ያ ሰው መሆን ደግሞ ለሁለት ውሾች ሁለት ጊዜ የሚሠራ ሥራ ነው። በነገራችን ላይ፣ ከአንድ እናት በአንድ ጊዜ የተወለዱ ሁለት ቡችሎችን በአንድነት መውሰድን ብዙ አሠልጣኞች የማይመክሩት ከዚሁ የተነሣ ነው፤ ቡችሎቹ ገና ብቻቸውን መቆም ሳይማሩ አንዱ ለሌላው ዓለም ይሆንበታል።

በመጨረሻ፣ ጥንድ የሚረከብ ሰው አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው አንድ ቀን አለ። ሁለት ውሾች በአንድ ቀን አይሞቱም። በጣሊያን አገር እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፣ ከሁለት ውሾቻቸው አንዱ የሞተባቸው 426 ሰዎች ስለ ቀሪው ውሻ ተጠይቀው፣ ከመቶ 86ቱ ጠባዩ እንደ ተለወጠ ተናግረዋል። ከሁሉ የበዙት ውሻው ከሰው መለየት እንዳልወደደ ሲናገሩ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጨዋታ እንደ ቀነሰ፣ ከመቶ 32 ያህሉም ምግብ እንደ ቀነሰ ገልጸዋል። ሁለቱ አብረው የኖሩበት ዘመን ርዝመት ልዩነት አላመጣም፤ ልዩነት ያመጣው በመካከላቸው የነበረው ወዳጅነት ነው። እርግጥ ነው፣ መልሱን የሰጡት ራሳቸው ያዘኑ ሰዎች ስለሆኑ የራሳቸውን ኀዘን በውሻው ፊት ላይ አንብበው ሊሆን ይችላል፤ ባለቤቱ አብዝቶ ባዘነበት ቤት የውሻውም ለውጥ በርትቶ መገኘቱ ይህንን ያስጠረጥራል። ወይም ደግሞ ውሻው የሰውየውን ኀዘን አንብቦ ይሆናል። ያም ሆነ ይህ፣ በእንዲህ ያለ ጊዜ ተሯሩጦ ሌላ ውሻ ማምጣት አስፈላጊ አይደለም። የምግብና የሽርሽር ሰዓት እንደ ቀድሞው ይጠበቃል፤ የሟቹ አልጋ በዚያኑ ዕለት ከስፍራው አይነሣም። ቀሪው ውሻ ሁለት ቀን ሙሉ ምግብ ካልቀመሰ ወደ ሐኪም ይወሰዳል፤ ባረጀ ውሻ ላይ ኀዘን የመሰለው ነገር በሽታ ሆኖ ሊገኝ ይችላልና።